ሲስተርን ይጠይቁ፦ «ተመስገን» ብለን የምንሸፍነው ድባቴ

ባለፈው እትም ስለ እግር ቁስል ስጽፍ፣ መጨረሻው ላይ «ስኳር ያለበት ሰው ለሳምንታት ሆድ ከባሰው፣ ከጨለመበት፣ እሱም ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ጻፉልኝ» የምትል አንዲት መስመር ጨምሬ ነበር። ስለ እግር 3 ደብዳቤ መጣ። ስለዚህች መስመር የመጣውን ግን የዝግጅት ክፍሉ ልጆች በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ሁለት ሌሊት ሳነብ አነጋሁ። የብዙዎቹ አጀማመር አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ግን…»። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ለአዲስ አንባቢ፦ በስኳር ክትትል ክፍል 22 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ራሴም ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አራት ደብዳቤ መርጫለሁ፤ ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከደብረ ብርሃን

«ሲስተር፣ 23 ዓመቴ ነው። አይነት አንድ ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፤ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ክፍል መግባት አቃተኝ። ከአልጋ መነሳት ያስጠላኛል። ኳስ ማየት እንኳ ትቻለሁ። የጠዋቱን መርፌ አንዳንዴ እዘለዋለሁ፤ ረስቼ ሳይሆን ‹ምን ያደርግልኛል› ብዬ ነው። አንዳንድ ማታ ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል። ክትትል ስሄድ ነርሷ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹380! ራስህን ልትገድል ነው?› ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። እናቴ ጸበል እንሂድ ትላለች። እዚያ ደግሞ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ትተህ ና ይላሉ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ።»

ልጄ፣ ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት ደውዬልህ ተነጋግረናል፤ እንዲታተምም ፈቅደህልኛል። ስለዚህ አሁን የምጽፈው ደብዳቤ መጻፍ እንኳ ላቃታቸው እኩዮችህም ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት «ባልነቃ ደስ ይለኛል» ያልከው። ይህ ሐሳብ የመጣበት ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይናገራል፤ ለእናቱ፣ ለዶርም ጓደኛው፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለማንም ይሁን፣ ግን ዛሬ። ከዚያ አብረው በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሄዳሉ። ድንገተኛ ክፍል ለመኪና አደጋ ብቻ የተሠራ አይደለም። እስኪሻለው ድረስ ብቻውን አይደር፤ ኢንሱሊኑንም የሚያምነው ሰው ይያዝለት፣ በሰዓቱ ያ ሰው እያየው ይውጋ። አንተ ይህን በማድረግህ ያን ዕለት ማታ እፎይ ብዬ ነው የተኛሁት።

ወላጆችም ስሙኝ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ አይዘራም። ብዙ ወጣቶች እንደነገሩኝ፣ ያ ጥያቄ ሲመጣ ከደረታቸው ላይ ድንጋይ የተነሳላቸው ያህል ነው የሚሰማቸው።

መርፌ መዝለልን በተመለከተ፣ አይነት አንድ ላይ ይህ ከዓመታት በኋላ የሚጎዳ ነገር ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ከሌለ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስቡን ያነዳል፤ ከሚነደው ስብ የሚወጣው አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ፣ የትንፋሽ እንደ ፍራፍሬ መሽተት ይመጣል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ ልብህ «ምን ያደርግልኛል» ሲልህ እንኳ እጅህ ይውጋ። ልብህን በኋላ አብረን እናክመዋለን።

አሁን ስለራሴ ልንገርህ። እኔን የያዘኝ ደሴ ነው፣ በ1985 ዓ.ም. ክረምት። ውሃ አልጠግብም፤ ቀሚሴ ከላዬ ይወርዳል። ሽንቴ ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይታ ነገሩን የጠረጠረችው አያቴ ናት። ፍሪጅ አልነበረንም። እናቴ ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ገንቦ ታስቀምጥልኝ፣ የመስታወት መርፌዬን በየጠዋቱ ትቀቅልልኝ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ አልጨለመብኝም። የጨለመብኝ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ነርስ ሆኜ፣ ሌላውን ሰው «መርፌህን በሰዓቱ» እያልኩ በምመክርበት ጊዜ ነው።

ዓይኔ ውስጥ ደም ፈስሶ ሌዘር ተሠራልኝ። ዓይኔ ዳነ፤ እኔ ግን አልተነሳሁም። ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን መጋረጃውን ሳልገልጥ እውላለሁ። ጸጉሬን መሠራት ተውኩ። ቡና ሲጠሩኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ። አለቅስ ነበር እንኳ አልልህም፤ እንባው ራሱ ደርቆ ነበር። ሌላውን ስመክር ውዬ ማታ የራሴን መርፌ እዘላለሁ። ለአራት ወር ያወቀብኝ ሰው አልነበረም፤ ነርስ መሆኔ ጥሩ መደበቂያ ሆነኝ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ሐኪም ካርዴን አጥፈው «ስኳሩን ተይው፤ አንቺ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እሺ፣ ቀጥዪ» አሉኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። በየሳምንቱ እየሄድኩ አወራኋቸው፤ የድባቴ መድኃኒትም 10 ወር ዋጥኩ። በሦስተኛው ወር ግድም አንድ ጠዋት ጎረቤት ቡና ስትቆላ ሽታው ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ያቺን ጠዋት አስታውሳለሁ።

ያንተ ነገር ድባቴ ነው ወይስ መታከት? ሁለቱ ይለያያሉ። በየቀኑ መወጋት፣ መለካት፣ ስለ ቂጣ ቁራሽ እንኳ ማሰብ፣ የነገውን እግርና ኩላሊት መፍራት ያታክታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ፖሎንስኪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. ይህን መታከት የሚለኩበት 20 ጥያቄ አውጥተዋል። የታከተው ሰው ከስኳሩ ጋር ነው ጠቡ። ጓደኛ ሲመጣ ይስቃል፣ ኳስ ሲኖር ይጮኻል። ለእሱ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሸክሙን የሚያግዘው ሰው፣ የቀለለ የመርፌ ሰዓት፣ ሰሚ ጆሮ ነው። ድባቴ ግን ሁሉንም ነገር ነው ቀለም የሚያሳጣው። ኳስ እንኳ ትቻለሁ ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። እንዲህ ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ሕክምናውም አለ።

ያቺ ነርስ ሙያዬን ስለምትጋራ፣ በእሷ ፈንታ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። 380 አንድ ጠዋት በደምህ ውስጥ የነበረ ስኳር ነው፤ የአንተ የፈተና ውጤት አይደለም። ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ባለሙያ መጠየቅ ያለበት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ነው። እናንተም ባልደረቦቼ፣ በጩኸታችሁ የወረደ ስኳር አይቼ አላውቅም። የሚወርደው የክትትሉ ሕመምተኛ ቁጥር ነው። ቀጠሮ የሚቀረውን ልጅ «ግዴለሽ» ብላችሁ ካርዱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ደውሉለት።

ጸበሉን ሂድ። እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቱን ይዘህ ሂድ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ መናገራቸውን የዚያ ጊዜ ሰው ያስታውሳል። ለኢንሱሊንም ከዚህ የተለየ አይደለም። «ትተህ ና» የሚልህ ሰው ካለ የሚናገረው የራሱን ነው፤ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። በባዶ ሆድ ስትጠመቅ የደም ስኳርህ እንዳይወርድብህ ግን ስኳር በኪስህ ይኑር፤ እናትህም ምልክቱን ትወቅ።

ከሐዋሳ

«ባለቤቴ 56 ዓመቱ ነው፤ አስተማሪ ነው። ስኳር ካለበት 11 ዓመት ሆነው፤ ሜትፎርሚንና ዳኦኒል ይውጣል። ማታ ማታ እግሩን ያቃጥለዋል። ከዓመት ወዲህ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ይቆጣል፣ በተለይ ከሰዓት። ልጆቹ ይሸሹታል። ማታ ፊቱን አዙሮ ይተኛል፤ ባልና ሚስት መሆናችን ከቀረ ቆየ። ሌላ ይዟል ብዬም ተጠራጥሬ ነበር። ዕድር መሄድ ትቷል። ሐኪም ሲጠይቀው ‹ደህና ነኝ› ይላል። ጾም ግን አያፈርስም፤ አሁንም እስከ 9 ሰዓት ነው የሚጾመው።»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትዎ ላይ አንድ ሳይሆን አራት ነገር የተደራረበ ይመስለኛል፤ እየለየን እንሂድ።

የከሰዓቱን ቁጣ መጀመሪያ ይለኩት። ዳኦኒል፣ ማለትም ግሊቤንክላማይድ፣ ምግብ ኖረም አልኖረም ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ የሚል ኪኒን ነው። ጠዋት ውጠውት እስከ 9 ሰዓት ከጾሙ ስኳራቸው 7 እና 8 ሰዓት ላይ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስኳር ሲወርድ ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይነጫነጫል፣ የማይለውን ይላል። ቤተሰብ ጸባይ ይለዋል። በሚቀጥለው ቁጣ መልስ ሳይሰጡ ጣታቸውን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ጾሙ እዚያ ላይ አበቃ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ከዚያ ምግብ ይስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይስጡ፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና። በዚያው ሳምንት ሐኪማቸው ጋር ሄደው መድኃኒቱና ጾሙ አብረው መሄድ መቻላቸውን ያስጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም፤ ንስሐ አባታቸው ይህን እንዲነግሯቸው ያድርጉ፣ ከሚስት ይልቅ ከእሳቸው ይሰሙታል።

ሁለተኛው፣ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12 ያሳንሳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው፤ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ደግሞ የዓመቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ከእነዚህ አብዛኞቹን አይቀምስም። ሲያንስ ድካም፣ የእግር መደንዘዝና ማቃጠል፣ የመንፈስ መውረድ ያመጣል። የእግሩ ማቃጠል ከስኳሩ ይሁን ከዚህ፣ ወይም ከሁለቱም፣ ሐኪሙ ይለየዋል። የቢ 12 መርፌ ውድ አይደለም። ይህን ነገር ብዙ ቦታ ሳይታይ ስለሚታለፍ እርስዎ አንስተው ይጠይቁ።

ሦስተኛው የአልጋው ነገር ነው። ስኳር ደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ የወንድ አቅም መድከም በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። ወንድ ልጅ ይህ ሲገጥመው ለሚስቱም ለሐኪሙም አይናገርም፤ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ሌላ ይዟል ብለው ተጠራጠሩ፤ እሳቸው ደግሞ አልጋው አጠገብ ሆነው እርስዎን እንዳያጡ እየፈሩ ይሆናል። ሕክምና አለው። ከመድኃኒት ቤት በሹክሹክታ ገዝተው እንዳይውጡ ግን ይጠንቀቁ፤ ከተወሰኑ የልብ መድኃኒቶች ጋር ከተገጣጠመ የደም ግፊቱን በአንዴ አውርዶ ሊገድል ይችላል።

አራተኛው ድባቴው ነው። የእኛ ሰው «ድባቴ ይዞኛል» አይልም። «ሰውነቴ ከበደኝ»፣ «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል» ይላል፤ ወንዱ ደግሞ ይቆጣል። ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚጠየቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ፤ ወደ አማርኛ ተመልሰው በእኛ አገር ተፈትነዋል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የሚያስደስትህ ነገር ጠፍቶብሃል? ተከፍተህ፣ ተስፋ ቆርጠህ ሰንብተሃል? እንቅልፍህስ? ጉልበትህስ? ምግብህስ? ዋጋ ቢስ ነኝ፣ ቤተሰቤን አዋረድኩ ትላለህ? ሐሳብህን መሰብሰብ አቃተህ? ሰው እስኪያየው ድረስ ዝግ ብለሃል ወይስ ተቅበጥብጠሃል? ብሞት ይሻላል ብለህ ታውቃለህ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10 ከሞላ ሐኪም በደንብ ሊያየው ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ ድምሩ ምንም ይሁን ምን በዕለቱ ነው።

እቤት ተቀምጠው እርስዎ ይጠይቋቸው እያልኩ አይደለም። ባል በሚስቱ መመርመር አይወድም። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብረው ይሂዱ፣ ያዩትን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ካርዱ ላይ ያያይዙት፦ ቁጣው የሚመጣበት ሰዓት፣ የለኩት ቁጥር፣ ዕድር መቅረታቸው፣ እግሩ፣ አልጋው። «ደህና ነኝ» ብለው ሲመልሱ ወረቀቱ ይናገርላቸዋል። ለእግር ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን ቢታዘዝላቸው አይደንግጡ፤ በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመም፣ በትልቅ መጠን ለድባቴ የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎትና ክብደት ስለሚጨምር ግን ስኳሩን በቅርብ መከታተል ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ግን ዛሬ ማታ ለልጆቹ «አባታችሁ አሟቸዋል» ይበሏቸው። ጸባዩ የተበላሸ አባትና የታመመ አባት በልጅ ዓይን አንድ አይደሉም።

ከአዳማ

«ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ስኳር ተገኘብኝ። ሰው ሁሉ ‹ሐዘኑ ነው› ይለኛል። እውነት ነው? አሁን ደግሞ ድባቴ አለብሽ ተብዬ ፍሉኦክሰቲን ታዘዘልኝ። ሱስ ያስይዛል፣ ስኳርም ይጨምራል ስላሉኝ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐሳቡ የጎረቤትሽ ብቻ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ስኳርን የሚያመጣው የቆየ ሐዘን ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ትንሽ ይሰፋል። ሐዘን ብቻውን ስኳር አይፈጥርም፤ ቀድሞ በዘርና በክብደት ወደዚያ ያዘነበለ ሰውነት ይኖራል። ነገር ግን ሰው ለረዥም ጊዜ ሲጨነቅ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉት ሆርሞኖች ከፍ ብለው ስለሚቆዩ ጉበት ስኳር ይለቃል። ያዘነ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ መንገድ መሄድ ይተዋል፣ ምግቡ ይዛባል። በዚህ ሁሉ ድባቴ ያለበት ሰው አይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። በተገላቢጦሹም፣ ስኳር ያለበት ሰው ድባቴ የሚያጋጥመው ከሌላው ሰው እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱ እየተመጋገቡ ይኖራሉ፤ አንዱን ብቻ ሲያክሙት ሌላው ይጎትተዋል። ስለዚህ የትኛው ቀደመ ብለሽ ራስሽን አትመርምሪ፣ በሐዘንሽም አትጸጸቺ።

ፍሉኦክሰቲን ሱስ አያስይዝም። ስኳርንም ብዙ ጊዜ አይጨምርም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ሰው ላይ ዝቅ ስለሚያደርገው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ተለኪ። ጠዋት ነው የሚዋጠው። ሲጀምር ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊኖር ይችላል፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ያልፋል። መሻሉ ግን የሚታወቀው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ይህን ማንም ስላልነገረው ነው። ሲሻልሽም ወዲያው አታቋርጪው፤ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ካልሄድኩ ብለሽም አትጨነቂ። ድባቴን እንዲያክሙ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በብዙ ጤና ጣቢያ አሉ።

ሳጥኑን ክፈቺው። መቼ እንደጀመርሽ ጻፊልኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«እናቴን ከአዲስ አበባ ያመጣኋት የዛሬ 2 ዓመት ነው፤ 67 ዓመቷ ነው። እዚያ እያለች በኪኒን ብቻ ስኳሯ ልክ ነበር፤ እዚህ ግን የሦስት ወሩ ምርመራ 9 ነጥብ ምናምን ነው። እንጀራ ከለከልኳት፤ ለውጥ የለም። ሁለት ሥራ ስለምሠራ ቀኑን ብቻዋን ናት። ማታ ስገባ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ሐኪሟ ጋር የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ ‹ደህና ነኝ በይልኝ› ትለኛለች።»

የኔ ልጅ፣ እንጀራውን መልሺላት። ብዙ ጎመን፣ ምስርና ሰላጣ ከጎኑ አድርገሽ ግማሽ እንጀራ ስጫት፤ እዚያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስንዴና ገብስ ስለሚቀላቀልበት ጤፉ የሚበዛበትን ፈልጊ። የእናትሽን ስኳር የሰቀለው እንጀራ ብቻ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ጠዋት ተሳልማ ስትመለስ ስንት ሺህ እርምጃ ትሄድ እንደነበር አስቢው፤ ገበያው፣ ለቅሶው፣ ቡናው አለ። ከ1977 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንም ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በዝቶ ተገኘባቸው። ኑሮና ምግብ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ሰውነት ይደነግጣል። ልብም እንደዚያው።

አንቺ አታስተርጉሚላት። እናት በልጇ አንደበት «መኖር ሰለቸኝ» አትልም፤ ልጇን አታስጨንቅም። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የጤና ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን» በያቸው፤ አንቺ ውጪ ጠብቂ። የድባቴ ምርመራ እንዲደረግላትም፣ ታይሮይድና ቢ 12 እንዲታይላትም ጠይቂ። ማታ ጨለማ ውስጥ ስታገኚያት ስለ ስኳሯ ከመጠየቅሽ በፊት አጠገቧ ተቀመጪ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ስትልሽ «እሺ፣ ቀጥዪ እማዬ» በያት፤ ከዚያ ዝም በይ። መሞት የሚያሰኝ ሐሳብ እንዳለባት ከሰማሽ ወደ 988፣ እንዲህ ላለ ጭንቀት ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የእርዳታ ስልክ ደውዪ፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የአዲስ አበባ የቡና ጓደኞቿን ስልክ ከዘመድ አግኚ። እናንተ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በእናንተ ክረምት ደግሞ 11። ለእሷ የጠዋቱ ቡና፣ ለእነሱ የማታው ይሆናል። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አቁሚላትና በቪዲዮ አገናኚያቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ማክሰኞና ዓርብ ይሁን፣ ቀኑን ጠብቃ ጸጉሯን ታበጥራለች። ቡናዋን ያለ ስኳር፣ ጤና አዳም ጣል አድርጋበት ትጠጣው።